ኤሊያችሁ መላጥ ስትጀምር እጃችሁን ሰብስቡ

ልጄ አንድ ጠዋት ለትምህርት ቤት እየተዘጋጀ ሳለ ከክፍሉ ጮኸ። «ማሚ! ድንቡሼ እየፈረሰች ነው!» ሮጬ ገባሁ። እውነትም የኤሊያችን ጀርባ ላይ አንድ ቁራጭ ጠርዙ ተነስቶ፣ ሊላቀቅ እንደደረሰ የቁስል ፕላስተር ይወዛወዛል። አንገቷና እግሮቿ ላይ ደግሞ ስስ ነጭ ነገር ተንጠልጥሏል። ስትዋኝ እንደ ጭስ ከኋላዋ ይከተላታል።

እኔ ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እጄን ሰደድኩና ቁራጩን በጥፍሬ ይዤ ሳብኩት። ግማሹ እሺ ብሎ ወጣ። ሌላው ግማሽ ግን ገና ነበር። ሥሩ ሮዝ ሆኖ ታየ፣ ጠርዙም ደማ። ድንቡሼ ራሷን ወደ ውስጥ ከትታ ለሁለት ቀን ምግብ አልነካም አለችኝ። በኋላ ለእንስሳት ሐኪሟ ስነግራት፣ «ልጅሽ ቁስሉ ሳይድን ቅርፊቱን ሲልጠው ምን ትይዋለሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የውሃ ኤሊ መላጧ ጤና ነው። መላጡ የእሷ ሥራ ነው፤ የእናንተ ሥራ ሙቀቱን፣ መብራቱንና ውሃውን ማስተካከል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን እንዴት እንደምታደርጉና መላጡ ጤና ሳይሆን ሕመም ሲሆን በምን እንደምታውቁት ነው።

ድንቡሼ ሬድ ኢርድ ስላይደር ከሚባለው ዝርያ ናት። ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር አላት፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። የዝርያው አገር የሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆና የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቤት ገብታችሁ የውሃ ኤሊ ካያችሁ፣ እሷ የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነው።

መጀመሪያ፦ የሚላጠው ምኑ እንደሆነ ለዩ

ቆዳና ቅርፊት ለየብቻ ነው የሚላጡት።

በቆዳው እንጀምር። እባብ ልብሱን አንድ ጊዜ ሙሉውን አውልቆ ጥሎ ይሄዳል። ኤሊ እንደዚያ አይደለችም። ከአንገቷ፣ ከእግሮቿ፣ ከብብቷና ከጅራቷ በትንሽ በትንሹ ይላጣል፤ በማደግ ላይ ያለች ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል። ውሃ ውስጥ ሲታይ ነጭ ስለሚመስል ብዙ ሰው ፈንገስ ነው ብሎ ይደነግጣል። መለያው ቀላል ነው። ኤሊዋን ከውሃ አውጧትና አሥር ደቂቃ ትድረቅ። ጤናማ ልጣጭ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ቆዳው ላይ ይተኛል፤ ሊጠፋባችሁም ይችላል። ፈንገስ ግን የጥጥ ብናኝ ይመስላል፣ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል፣ በየቀኑም ይሰፋል። ከልጣጩ ሥር ያለው ቆዳም ደህና መሆን አለበት። የቀላ፣ ያበጠ ወይም የቆሰለ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ቅርፊቱ ደግሞ ከሥሩ አጥንት ነው። ከጀርባና ከጎድን አጥንቷ ጋር አንድ ላይ የተያያዘ ስለሆነ፣ በካርቱን ፊልም እንደምናየው አውልቃው አትወጣም። በአጥንቱ ላይ እንደ ወለል ታይል የተገጣጠሙ ስስ ሽፋኖች አሉ። የተሠሩት ከኬራቲን ነው፤ የእኛም ጥፍር ከዚሁ ነው። በእንግሊዝኛ ስኩት ይሏቸዋል፤ እኔ ታይል እያልኩ እቀጥላለሁ። ድንቡሼን አገላብጬ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከላይ መሐል ላይ 13 ትልልቅ፣ በጠርዙ ዙሪያ 25 ትንንሽ፣ በሆዷ በኩል ደግሞ 12። እናንተም አንድ ጊዜ ቁጠሩ። በኋላ የትኛው እንደወደቀና የትኛው እንደቀረ ስትከታተሉ ይጠቅማችኋል።

ኤሊዋ ስታድግ ከሥር ሰፋ ያለ አዲስ ታይል ይሠራል፤ የላይኛውም ይደርቅና ጠርዙ እየተነሳ ይወድቃል። በደንብ የተላጠ ታይል ቅርጹን እንደያዘ በሙሉው ይወጣል። አንስታችሁ ወደ አምፖል ብታዩት ብርሃን ያሳልፋል፤ ቢጫና አረንጓዴ መስመሮቹ ሁሉ ይታያሉ። የእጅ ጥፍር ያህል ነው ውፍረቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ይሳሳል። እሱ የነበረበት ቦታ ጠንካራ፣ ልሙጥና ደመቅ ያለ መሆን አለበት። የድንቡሼ ጀርባ ከተላጠ በኋላ ገና ከሱቅ የወጣ ጫማ ነው የሚመስለው።

ሁሉም በአንድ ቀን አይወድቁም። ዛሬ አንድ፣ በሳምንቱ ሁለት እያለ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። ትንንሾቹ በፍጥነት ስለሚያድጉ ቶሎ ቶሎ ይላጣሉ። ትልልቆቹ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ገደማ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አገር ቤት አንዳንድ ግቢ ውስጥ የምናውቃት የየብስ ኤሊ ታይሏን አትጥልም። አዲሱ ከአሮጌው ሥር እየተደራረበ ያ ቀለበት ቀለበት የሚመስለውን ነገር ይሠራል። የየብስ ኤሊ ኖሯችሁ ታይሏ ከወደቀ ይህን ጽሑፍ ተዉትና ሐኪም ፈልጉ።

ሁለተኛ፦ የአምስት ደቂቃ ምርመራ

ጥሩ ብርሃን ያለበት ቦታ ፎጣ አንጥፉ። ኤሊዋን በሁለት እጅ፣ በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል ጎንና ጎኗን ያዙ። መቧጨሯ አይቀርም፤ ለዚህ ነው ፎጣው። ከፍ አድርጋችሁ አትያዟት፣ ብትወድቅ ቅርፊቷ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በመጀመሪያ አሽትቷት። ይህን ስል የሚስቅ አለ፣ ግን አፍንጫ የማይዋሽ መሣሪያ ነው። ጤናማ ኤሊ የኩሬ ውሃ ትሸታለች። የበሰበሰ ሥጋ ሽታ ካለ የቅርፊት መበስበስ አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ በአውራ ጣታችሁ ታይሎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። እንደ ጠረጴዛ ጠንካራ መሆን አለባቸው። አንድ ቦታ ብቻ ቦጭ የሚል ከሆነ መበስበስ ጠርጥሩ። መላው ቅርፊት ለስላሳ ከሆነና ኤሊዋ ሕፃን ካልሆነች፣ የካልሲየም ወይም የዩቪቢ (ፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ጨረር) እጥረት ሊሆን ይችላል። ገና የተፈለፈሉት በተፈጥሯቸው ትንሽ ይለጠጣሉ።

ከዚያ ቀለሙን እዩ። ነጭ ነገር ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅርፊቷ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ታይቶ ሲረጥብ የሚጠፋ ከሆነ፣ የቧንቧ ውሃው የተወው የማዕድን ዝቃጭ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት። ታይሉ ሥር ብርማ ወይም ደመና የመሰለ ነገር ከታየ ደግሞ አየር ወይም ውሃ ገብቷል፤ ሊላቀቅ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። አይብ የመሰለ፣ ሲነካ የሚፈረፈር ነጭ፣ ወይም ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ነጭ ግን መጥፎ ነው። ሆዷ በኩል ሮዝ ወይም ቀይ ነጠብጣብ ከታየም እንዲሁ።

በመጨረሻ ፎቶ አንሱ። ከላይ፣ ከሆድ፣ ከግራና ከቀኝ። በየሁለት ሳምንቱ ከተመሳሳይ ቦታ ማንሳት ነው። ዓይናችን ይለምዳል፣ ፎቶ ግን ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሦስተኛ፦ ሙሉ በሙሉ የምትደርቅበት መሞቂያ

ከሁሉም በላይ የምለፋበት ይህን ነው። በእኔ ልምድ አልላጥ ያለች ኤሊ ካለች አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው።

ታይል የሚላቀቀው ሲደርቅ ነው። ደርቆ ይኮማተራል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ስትዋኝና ከድንጋይ ጋር ስትተሻሽ ይወድቃል። ኤሊዋ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ከዋለች ግን አሮጌው ታይል ረጥቦ እንደተጣበቀ ይቀራል፤ በሥሩም አልጌና ባክቴሪያ ይራባሉ።

ድንቡሼን የገዛናት ባሕር ዳርቻ ልንዝናና በሄድንበት፣ የመንገድ ዳር ሻጭ ጋ ነው። የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ታክል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች (10 ሳንቲ ሜትር) ያነሰ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥ ክልክል መሆኑን ያወቅኩት ከገዛኋት በኋላ ነው። ሻጩ የፕላስቲክ ዘንባባ የተተከለበት ሳህን ጨምሮ ሰጠኝና «ይኸው ቤቷ፣ ሌላ ምንም አያስፈልጋትም» አለኝ። እኔም አመንኩት! ያ ሳህን ደረቅ ቦታው የእጅ መዳፍ አያክልም ነበር። በስድስት ወሯ እግሯ ውሃ ውስጥ ሳይገባ መቀመጥ አቃታት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሞቂያው ሆዷን ጨምሮ መላ አካሏ ከውሃ የሚወጣበት መሆን አለበት። እንደ ልብ ዞር የምትልበት ስፋት ይኑረው። መወጣጫው ሸካራ ይሁን፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ትንሸራተታለች። በገንዘብ የሚገኘው ጥሩ ነው፣ ግን ግድ አይደለም። እኔ ያሁኑን የሠራሁት ገንዳው ላይ ከተጋደመ የፕላስቲክ መረብና ከነጭ የውሃ ቧንቧ ቁርጥራጭ ነው። የቀባሁት ነገር የለም፤ ቀለምና ማስቲሽ ውሃ ውስጥ መርዝ ሊለቅ ይችላል።

ከላዩ የማሞቂያ አምፖል ስቀሉ። የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ በፋራናይት ከ90 እስከ 95። የክፍሉን አየር ሳይሆን ኤሊዋ የምትተኛበትን ገጽ ለኩ። እንደ ሽጉጥ የሚደገነው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለዚህ ምቹ ነው። ሙቀቱ ካነሰ አምፖሉን ዝቅ፣ ከበዛ ከፍ ማድረግ ነው።

አምፖሉን በቆንጥጦው ብቻ አትመኑት። በሽቦ ወይም በሰንሰለት ደግማችሁ እሰሩት። ውሃ ውስጥ የወደቀ አምፖል ኤሊዋንም እናንተንም ሊጎዳ ይችላል። መጋረጃ አጠገብ ከሆነ ደግሞ እሳት ነው።

ሁሉን አስተካክላችሁ አልወጣ ካለችስ? ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ውሃው በጣም ሞቋል ወይ? ውሃው እንደ መሞቂያው ከሞቀ ለምን ትውጣ? ሁለተኛ ሰው ይበዛበታል ወይ? የእኛዋ ቴሌቪዥኑ አጠገብ እያለች አትወጣም ነበር። ጥግ ላይ ስናስቀምጣት በሦስተኛው ቀን ኋላ እግሮቿን እንደ ባለርስት ዘርግታ ተኝታ አገኘናት።

አራተኛ፦ ዩቪቢ

የሚያሞቀውና ዩቪቢ የሚሰጠው አምፖል ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ማሸጊያውን አንብቡ። ኤሊ በዩቪቢ ነው ቫይታሚን ዲ3 የምትሠራው። ያለ እሱ ካልሲየም ብትበላም አይጠቅማትም፤ ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፣ መላጡም ይበላሻል። በቀን ለ10 ወይም ለ12 ሰዓታት ያህል ይብራ፣ ሌሊት ይጥፋ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ርካሽ ሰዓት መቆጣጠሪያ ካለ መርሳት የለም።

የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። መብራቱን የገዛሁት በደህና ዋጋ ነው። ያስቀመጥኩት ግን ገንዳው የመስታወት ክዳን ላይ ነበር። መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል፤ ፕላስቲክም እንዲሁ። ድንቡሼ አምስት ወር ሙሉ ስትሞቅ የነበረው ተራ መብራት ነው። በመስኮት የሚገባ ፀሐይም በዚሁ ምክንያት አይቆጠርም።

አምፖሉ ዓይን ሲያየው እየበራ ዩቪቢው ግን እያለቀ ይሄዳል። እንደ ዓይነቱ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። የገዛችሁበትን ቀን አምፖሉ ራስ ላይ በማርከር ጻፉ።

በበጋ እውነተኛውን ፀሐይ የመሰለ የለም። በረንዳ ላይ ግማሹ ጥላ በሆነ ሰፊ ጎድጓዳ ዕቃ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በቂ ነው፣ እናንተም አጠገቧ ሆናችሁ። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን መቀቀል ነው።

አምስተኛ፦ ውሃው

ለትልልቆቹ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ ለሕፃናቱ ከ26 እስከ 28 ይበቃል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኤሊዋ ብዙ ትበላለች፣ በፍጥነት ታድጋለች፣ ቆዳዋም ያለማቋረጥ ይላጣል።

ስፋቱን በተመለከተ የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ ኢንች ቅርፊት 10 ጋሎን ውሃ ነው። ድንቡሼ አሁን 7 ኢንች ሆናለች፤ 70 ጋሎን፣ ማለትም 265 ሊትር ገደማ። ሳሎናችን ግማሹ የእሷ ሆኗል። ባለቤቴ ኪራይ አስከፍያት ይላል።

ኤሊ የምትበላውም የምትጸዳዳውም እዚያው ነው። ስለዚህ ፊልተሩ ከገንዳው መጠን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ የሚችል ይሁን። ለአንድ መቶ ጋሎን ዓሣ የሚል ፊልተር ለአርባና ለሃምሳ ጋሎን ኤሊ ነው ብላችሁ አስቡት። ውሃው ጥርት ብሎ ስለታየ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከቆሻሻዋ የሚወጣው አሞኒያ አይታይም፤ ቆዳን ግን ያቃጥላል። በጠብታ የሚሠራው መመርመሪያ ከዓሣ ዕቃ መሸጫ ይገኛል። አሞኒያና ናይትራይት 0፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች መሆን አለባቸው።

በሳምንት አንዴ ከውሃው ሩቡን ቅዱና በአዲስ ተኩ። አዲሱ ሙቀቱ ከነባሩ ጋር ይቀራረብ፤ የክሎሪን ማጥፊያውን ጠብታም አትርሱ። የቧንቧ ውሃ አሳድሮ መጠቀም ክሎሪኑን ሊያጠፋ ይችላል። ክሎራሚን የሚጨምሩ ከተሞች ላይ ግን ማሳደር አይሠራም።

የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አትጠቡት። ቆሻሻውን የሚሰባብሩት ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች እዚያ ላይ ናቸው፣ ክሎሪን ይፈጃቸዋል። ከገንዳው በቀዳችሁት አሮጌ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ ይበቃል። በመላጥ ሰሞን ደግሞ የፊልተሩን አፍ በየሁለት ቀኑ እዩ፤ የወደቀ ታይል ይዘጋዋል። አንድ ቀን ፊልተሩ ሲጮህ ተበላሸ ብዬ ልጥለው ስል ሦስት ታይል ነው ያወጣሁበት።

ስድስተኛ፦ ምግብ

ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ከመላጥ ጋር የሚገናኘውን ብቻ ልበል። ብዙ ፕሮቲን የምትበላ ኤሊ ቅርፊቷ ከአቅሟ በላይ ይሮጣል፤ ታይሎቹ ይደራረባሉ፣ ይጎብጣሉ። የታሸገውን የኤሊ ምግብ በአንድ ጊዜ የጭንቅላቷን ያህል ብቻ ስጡ። ለትንንሾቹ በየቀኑ፣ ለትልልቆቹ በየሁለት ቀኑ። ትልቅ ስትሆን ግማሽና ከዚያ በላይ የሚሆነው ቅጠል ይሁን። ሰላጣ ጥሩ ነው። የሐበሻ ጎመንም ትወዳለች፣ ግን እሱን ብቻ በየቀኑ አትስጧት። ቆስጣ ካልሲየምን ስለሚይዝባት አልፎ አልፎ ካልሆነ ይቅር። ለወፎች የሚሸጠውን ነጭ የካትልፊሽ አጥንት ጠንካራ ጀርባውን ልጣችሁ ውሃው ውስጥ ጣሉላት፤ ሲያሰኛት ትግጠዋለች።

የተላጠ ቆዳዋን ስትበላ ብታዩ አትደንግጡ። ይበላሉ።

ቫይታሚን ኤ በራሳችሁ ፈቃድ አትስጡ። እጥረቱ ዓይን ያሳብጣል፣ እውነት ነው። ሲበዛ ግን ቆዳዋ እንደ ተቃጠለ ሰው በሰፊው ተገፍፎ ሥጋው ይወጣል። መጠኑን የሚያውቀው ሐኪም ነው።

ሰባተኛ፦ ማጽዳትና የቅቤው ነገር

ቅርፊቷ ላይ አልጌ ሲበዛ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ውሰዱ፤ ለእሷ ብቻ የሚሆን፣ ምልክት የተደረገበት። ለብ ባለ ውሃ፣ ያለ ሳሙና፣ በክብ በክብ ቀስ ብላችሁ እሹ። በወር አንዴ ወይም ሁለቴ በቂ ነው። ጠርዙ የተነሳ ታይል ሲያጋጥማችሁ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ሳይሆን ከመሐሉ ወደ ጠርዙ ነው የሚቦረሸው፤ አለበለዚያ ትገነጥሉታላችሁ።

አማቴ አዲስ አበባ ሆነው ነበር የሚያውቋት፣ በቪዲዮ። ሊጠይቁን ሲመጡ በአካል አይዋት። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷትና፣ «ልጄ፣ ይህች እኮ ደርቃ ነው። ቅቤ ቀባ አድርጊላት» አሉኝ። ለፀጉር፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለሁሉም የሚሠራ መድኃኒት ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ለኤሊ ግን አይሆንም። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን፣ የወይራ ዘይትም ሆነ ሱቅ ውስጥ «ለኤሊ ቅርፊት» ተብሎ የሚሸጠው ቅባት ታይሉ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ቆሻሻና ባክቴሪያም በሥሩ ያሽጋል፤ ውሃውንም ያበላሻል። አማቴ አልተዋጠላቸውም። እሳቸው እስኪሄዱ ድረስ የቅቤውን ዕቃ እየተከታተልኩ ነበር።

ስምንተኛ፦ አልላቀቅ ያለ ታይል

ጠርዙ ተነስቶ ለሳምንታት የሚቆይ አለ። እሱን ብቻ እያዩ መታገስ ከባድ ነው፣ አውቀዋለሁ። እጅ ያሳክካል። መጀመሪያ መሞቂያውንና ዩቪቢውን እንደገና ለኩ። ገንዳው ውስጥ የምትተሻሽበት ሸካራ ግን ስለት የሌለው ድንጋይ ወይም ግንድ ጨምሩ፣ መሐሉ ገብታ የማትቀረቀርበት።

ከዚያም አልሆነ ካለ፣ ደህና ሞቃ ከደረቀች በኋላ በአውራ ጣታችሁ ለስላሳ ጎን ታይሉን ገፋ አድርጉት። መሳብ አይደለም፣ መቆንጠጥም አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ ስቲከር እንደምንፈትሽ ነው። ሊወድቅ የደረሰ በራሱ ይንሸራተታል። ትንሽ እንኳ ከተቃወማችሁ አቁሙ። ቢላ፣ ወረንጦ፣ ጥፍር መቁረጫ አያስፈልግም።

ግማሹ ተሰብሮ ግማሹ ከቀረም ተዉት። ድንቡሼ ላይ እኔ ያቆሰልኩት ቦታ ለመስተካከል ወራት ወስዷል። አሁንም በደንብ ላየው ሰው ጠባሳው አለ።

በርካታ ታይሎች ተደራርበው ጀርባዋ እንደ ዳቦ ቅርፊት ከወፈረ፣ ወይም ከአንድ ዓመት በላይ አንድም ካልወደቀና እያደገች ከሆነ፣ ነገሩን ለሐኪም አሳዩ።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው

ቅርፊቷ ቦጭ ሲል፣ ሲሸት፣ ፈሳሽ ሲያወጣ ወይም ሲደማ። ታይሉ ወድቆ ሥሩ ነጭ አጥንት ሲታይ። ሆዷ ሲቀላ። ቆዳዋ ተገፍፎ ሥጋ ሲወጣ። ዓይኗ ሲያብጥ፣ አፍንጫዋ አረፋ ሲያወጣ፣ ወደ አንድ ጎን ተጋድማ ስትዋኝ፣ አንድ ሳምንት ሳትበላ ስትቀር። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ነገ ዛሬ አትበሉ። የቅርፊት ኢንፌክሽን ወደ ደም ከገባ ይገድላል።

የውሻና የድመት ክሊኒክ ሁሉ ኤሊ አያይም። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «ኤሊ ታክማላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትወስዷት ውሃ ባለበት ዕቃ ሳይሆን እርጥብ ፎጣ በተነጠፈበት፣ አየር በሚገባበት ሳጥን ውሰዷት። የወደቀውን ታይልና ፎቶዎቹን ይዛችሁ ሂዱ። የእኛዋ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ የውሃውን ሙቀትና የአምፖሉን ዕድሜ ነው፤ እነዚህን ጽፋችሁ ያዙ። ቀጠሮው እስኪደርስ ውሃው ንጹሕ ይሁን፣ መሞቂያው ይሥራ። የሰው ቅባትና አንቲባዮቲክ ግን አትንኩ።

እጃችሁን ታጠቡ

ጤናማ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች፤ የ1975ቱ ክልከላም የመጣው በዚሁ ነው። ሕፃናት ትንንሾቹን ወደ አፋቸው ያስገቡ ነበር። ኤሊዋን፣ ውሃውን ወይም የወደቀውን ታይል ከነካችሁ በኋላ በሳሙና ታጠቡ። የገንዳውን ውሃ ኩሽና ውስጥ አትድፉ፣ ብሩሹንም የሰሃን ማጠቢያው ላይ አትጠቡት። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የተዳከመ ሰው ካለ ባይነኳት ይመረጣል።

ሰለቸችን ብላችሁም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቋት። እነዚህ ኤሊዎች 20ና 30 ዓመት ይኖራሉ። አገራቸው ባልሆነ ቦታ ነባሮቹን ያፈናቅላሉ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ዝርያው ከ2016 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ስላለ መሸጥም ማርባትም ክልክል መሆኑን እወቁ።

ልጄ የወደቁትን ታይሎች መጣል አይፈልግም። ስለዚህ ታጥበው ደርቀው በሚታሸግ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባሉ፤ እሱም ቀኑን ይጽፍበታል። ፕላስቲኩን ሳይከፍት ማየት ነው የተፈቀደለት። ዘንድሮ ከጀርባዋ 13 ትልልቆች መካከል 11 ወድቀዋል። የቀሩት ሁለቱ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ናቸው፤ አንደኛው ትናንት ማታ ጠርዙ ተነስቷል። ልጄ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ያየዋል።